ማሳውን ሳናይ ደቦ አንጥራ

(ይህ ወሎ ሰፈር በተካሄደ የወጣቶች የቅዳሜ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። በአካል መገኘት ላልቻላችሁ ሙሉውን አቅርበነዋል። አንብቡት፣ ተወያዩበት፣ ለጓደኛ አጋሩት።)



የታክሲ ወረፋውን ችላችሁ፣ ከጎተራም ከኦሎምፒያም ከገርጂም ከሰሚትም ተነስታችሁ እዚህ ወሎ ሰፈር ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ መምጣታችሁ ራሱ አንድ በጎ ፈቃድ ነው።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዛሬ የቆምኩት ላሞግሳችሁ አይደለም። ስለ በጎ ፈቃድ ሲወራ የተለመደውን ንግግር ሁላችንም እናውቀዋለን። "ወጣቱ የሀገር ተረካቢ ነው" ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ የቡድን ፎቶ እንነሳለን፤ ወደ ቤት እንሄዳለን። እኔ ዛሬ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ወጣቱ ጉልበቱን ይዞ ሲመጣ፣ የጠራው አካል ምን አዘጋጅቶ ጠበቀው?

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ አርባ የምንሆን ልጆች ተሰባስበን የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ልናድስ ወጣን። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። ቲሸርት አሠራን፣ ባነር አሠራን፣ ቀለምና ብሩሽ ለምነን አገኘን። ቤታቸው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ናት። ግቢዋ አርባ ሰው አትችልም። ስለዚህ ስምንቱ ሲቀባ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይስቃል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ፎቶ ያነሳል። እስከ ስድስት ሰዓት ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። እማማ መረቁን። ማታ ፎቶው ተለጠፈ፤ ላይኩ ዘነበ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ተውሰን እዚያው የረሳነውን መሰላል ልወስድ ተመለስኩ። ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ስገባ እማማ አልጋቸው ላይ ሳፋ አስቀምጠዋል፤ ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ደነገጥኩ። "እማማ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ? ቀለም ይዛችሁ መጣችሁ፤ እጃችሁ ይባረክ ብዬ ተቀበልኩ" አሉኝ።

እዚያች ክፍል ውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በቀጣዩ እሁድ አራት ሆነን ተመለስን። አንዱ ቆርቆሮ መምታት የሚችል የሰፈር ልጅ ነበር። ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ግማሽ ቀን ሥራ፣ በቃ። ማፍሰሱ ቀረ። ቲሸርት አልነበረም፤ ፎቶም የለም። አርባ ሰው ያልፈታውን ችግር አራት ሰው ፈታው። አራቱ ከአርባዎቹ የተሻለ ፍቅር ስለነበራቸው አይደለም። ከመምጣታቸው በፊት ምን እንደጎደለ ስላወቁ ነው።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን። እውነት ነው። ግን ሃምሳ ሰው ጠርተን ሎሚው አንድ ብቻ ሲሆንስ? አርባ ዘጠኙ ባዶ እጁን ቆሞ ውሎ ይሄዳል። በሚቀጥለው ስንጠራው አይመጣም። እኛ ደግሞ "የዘንድሮ ወጣት ግድ የለውም" እንላለን። ግድ ያልነበረው ማን ነው? ጠሪው!

ወገኖቼ፣ ይህን ትምህርት ከሌላ ቦታ መበደር አያስፈልገንም። አያቶቻችን አውቀውት ኖረዋል። ገበሬው ደቦ ሲጠራ፣ በአንዳንዱ አካባቢ ጅጌ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ዝም ብሎ ሰው አይሰበስብም። አዝመራው ደርሷል ወይ? ማሳው ስንት ሰው ይፈልጋል? ብሎ አይቶ ነው የሚጠራው። ጠላው ቀድሞ ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል። የሚመጣውም ማጭዱን ስሎ ይመጣል። ማታ ላይ ያለቀውና ያላለቀው ለሁሉም ይታያል። ወንፈል ሲሆን ደግሞ ውለታው ይቆጠራል፤ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። እድራችንም እንደዚያው ነው። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩ የት እንዳለ፣ ማን ቀርቶ ማን እንደሚቀጣ ይታወቃል።

አያችሁ? በደቦ ውስጥ ሥራ አለ፣ መሣሪያ አለ፣ ምግብ አለ፣ ውጤት አለ። ዛሬ "የበጎ ፈቃድ ዕድል" ብለን በምንጠራው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ጥሪው ብቻ ነው። ማሳ የሌለው ደቦ!

ታሪካችንንም እንየው።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ "የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት" የሚባል ሥርዓት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግላል፤ አብዛኛው መምህር ሆኖ። የሚመደብበት ቦታ ይታወቃል፣ ሥራው ይታወቃል፣ መተዳደሪያ ይሰጠዋል፣ ጊዜው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ነው። ግዴታ ስለነበር የተቃወሙት ነበሩ። ቢሆንም አዲስ አበባን ብቻ የሚያውቅ ብዙ ወጣት ሀገሩን በዓይኑ ያየው በዚያ ዓመት ነው።

ከዚያ በፊት በ1962 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአሜሪካ የሰላም ጓዶች ወደ ሀገራችን ሲመጡ፣ የመጀመሪያዎቹ ከ270 በላይ ወጣቶች ክረምቱን ዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑ ከርመው ነበር። አማርኛም ተምረዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ባዕዱ የእኛን ልጅ ለማስተማር ሠልጥኖ ሲመጣ፣ እኛ የገዛ ወንድማችንን ለማስጠናት ያለ አንድ ቀን ዝግጅት እንገባለን። ይህ አያስቆጭም?

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሀገራችን በዚህ ሥራ ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘች። ሁለቱም በደርግ ዘመን የተካሄዱ፣ ግዳጅ የነበረባቸው ናቸው፤ የዘመተው ሁሉ ወዶ አልዘመተም። ይህን ሳንደብቅ ሌላውን እንማር። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ መጽሐፍ ነበረው፣ ዙር ነበረው፣ ተማሪው መጨረሻ ላይ ይፈተን ነበር፣ ካለፈም ምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር። ትምህርቱም እየሰፋ ሄዶ በ15 የሀገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የተለካው ስንት ሰው ዘመተ ብቻ አልነበረም፤ ስንት ሰው ማንበብ ቻለ የሚለውም ነበር።

የእኛ ሪፖርት ግን ምን ይላል? "ይህን ያህል ሺህ ወጣት ተሳተፈ።" እሺ፣ ተሳተፈ። ምን ተለወጠ? ችግኙን ተክለናል፤ በሚቀጥለው በጋ ውኃ ያጠጣው ማነው? ማዕድ አጋርተናል፤ በማግስቱስ እነዚያ አባት ምን በሉ?

ደግሞ ሁሉም ነገር ጨለማ ነው እያልኩ አይደለም። በአገራችን በደንብ የተዘጋጀ በጎ ፈቃድ አለ። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው ደም ልገሳ ነው። ስትሄዱ መጀመሪያ ትጠየቃላችሁ፤ ዕድሜህ ስንት ነው? ክብደትሽስ? የደም ግፊት ይለካል። ለመስጠት ብቁ ካልሆናችሁ በአክብሮት ትመለሳላችሁ። ከሰጣችሁ በኋላ ዕረፍት አለ፣ የሚጠጣ ነገር አለ፣ ካርድ አለ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ የሚል ቀጠሮ አለ። ደሙ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ተመርምሮ ነው ለታማሚ የሚደርሰው። ድሮ ለታማሚው ደም የሚፈለገው ከዘመዱ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ምን ይሁን? ዛሬ የደም ባንኩ የሚቆመው በማያውቁት ሰው በሚለግሱ በጎ ፈቃደኞች ነው። ለምን ሠራ? ምን እንደሚፈለግ፣ ከማን፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለምን ዓላማ፣ ሁሉም ነገር የተቆረጠ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው ይህ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ይዟል። እዚያ የሄደ በጎ ፈቃደኛ "ምን ልሥራ?" ብሎ አይቆምም። የሚታጠብ ገላ አለ፣ የሚቆረጥ ፀጉር አለ፣ በእጅ የሚጎረስ ሰው አለ። ሥራው ከባድ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው። ከዚያ የሚመለስ ወጣት ደክሞት ይመለሳል እንጂ ባዶነት ተሰምቶት አይመለስም።

በቅርብ ዓመታት ሰላም ሚኒስቴር የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን አሠልጥኖ ከተወለዱበት አካባቢ ውጪ የሚያሰማራበት ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራምም ተጀምሯል። መጀመሪያ ሥልጠና፣ ከዚያ ስምሪት የሚለው ቅደም ተከተል ትክክል ነው። እኛም በሰፈር ደረጃ ልንይዘው የሚገባ ቅደም ተከተል ነው።

ከውጭም አንድ ልጨምር። ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች ያውቁታል፤ እዚያ ከ27 ዓመት በታች ያለ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ሆስፒታል፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የአረጋውያን ቤት የሚያገለግልበት ሥርዓት አለ። ውል ይፈርማል፣ የኪስ ገንዘብ ያገኛል፣ ኢንሹራንስ አለው። ዓመት ሙሉ ለሚያገለግል 25 የሥልጠና ቀን በሕግ ተመድቦለታል። "እነሱ ሀብታም ናቸው" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ጓንት ማዘጋጀት፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠት፣ ሥራውን በአንድ ገጽ ጽፎ ማስረዳት ሀብት አይጠይቅም። ክብር ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደሚያመን ነገር ልግባ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ሁላችንም ደንግጠናል። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ሦስት! ወንድሞቻችን ናቸው፤ እህቶቻችን ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ "የክረምት ነፃ ማጠናከሪያ ትምህርት" ይጠራል፤ ጥሩ ነው። ግን እንዴት እያደረግነው ነው? ሰኞ አንዱ መጥቶ ሒሳብ ያስተምራል፣ ረቡዕ ሌላው መጥቶ ያንኑ ምዕራፍ ይደግማል፣ አርብ አስተማሪው ይቀራል። ልጁ ደብተሩን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ይበተናል። ትምህርት ደግሞ የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው እኮ!

ያ በር ላይ የቆመ ልጅ ምን እንደሚማር ታውቃላችሁ? ሒሳብ አይደለም። "ትልልቆቹ ቃላቸውን አይጠብቁም" የሚለውን ነው። ከዚህ ዓይነት በጎ ፈቃድ ጭራሹን ያለመምጣት ይሻላል።

ሌላው የበጎ ፈቃደኛው የራሱ ኑሮ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ተመርቃችሁ ሥራ በመፈለግ ላይ ናችሁ። ማስታወቂያው ሁሉ "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። አንድ ሥራ የሌለው ልጅ ከሰሚት ወሎ ሰፈር ተመላልሶ ሲያገለግል የታክሲው ከማን ኪስ ነው? ከእናቱ። ምሳ ሳይበላ ይውላል። መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ወረቀት "በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተሳትፏል" ይላል፤ ቀጣሪው አንብቦ ያስቀምጠዋል። ምን ሠራ? ስንት ሰዓት? ማን ይመሰክርለታል? የለም። ስለዚህ ኑሮው ደህና የሆነ ልጅ ብቻ በጎ ፈቃደኛ ይሆናል፤ ድሃው ልጅ በፍቅር ጀምሮ በችግር ያቋርጣል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

እህቶቻችንንም እናስብ። ሥራው አምሽቶ ሲያልቅ ወንዱ "ቻው" ብሎ ይሄዳል። እሷ በጨለማ ታክሲ ፍለጋ ትቆማለች። ከዚያ "ሴቶች ለምን ቀሩ?" ብለን እንገረማለን። መልሱ ሰዓቱ ውስጥ ነው ያለው።

የምንረዳውን ሰው ክብር ደግሞ አንርሳ። የዱቄት ከረጢት አስይዘን ፎቶ የምናነሳቸው አባት ልጅ አላቸው፤ የልጅ ልጅ አላቸው፤ ሰፈር አላቸው። ሳንጠይቃቸው ፊታቸውን ብንለጥፍ ዱቄቱን የሰጠነው በስማቸው ዋጋ ነው። ፎቶ የምታነሳ እጅ አንድ ጊዜ ዝቅ ብትል ምን ይጎድላል?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ለበጎ ፈቃድ ሲጠራችሁ፣ እኛም ብንሆን፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ስድስት ጥያቄ ጠይቁ። ብልግና አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

1. ሥራው በትክክል ምንድን ነው? ተረጂው ራሱ ጠይቆታል ወይስ እኛ ገምተንለት ነው?

2. ስንት ሰው ያስፈልጋል? እኔስ ለዚያ ሥራ ብቁ ነኝ ወይ?

3. ማን ያሠለጥነኛል? ስሳሳት የምጠይቀው ሰው ማን ነው?

4. የታክሲና የምሳው ነገር እንዴት ነው? ጓንትና መሣሪያ አለ? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ኃላፊነት ይወስዳል? ስንት ሰዓት ላይ ያልቃል?

5. ስጨርስ ምን ይዤ እወጣለሁ? የሠራሁትን ሥራ፣ የሰጠሁትን ሰዓትና ያየኝን ኃላፊ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠኛል?

6. ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ውጤቱን የሚያይ ማን ነው?

ለእነዚህ መልስ የሌለው ጠሪ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። "ስትዘጋጁ ጥሩኝ" በሉት፤ በትሕትና።

እኛንም ጠይቁን። ለዚህም ነው ዛሬ በሩ ላይ የስም መመዝገቢያ ያላያችሁት። አንዳንዶቻችሁ ስትገቡ "የት ነው የምንመዘገበው?" ብላችኋል። አልመዘግብም። ማሳውን ሳላይ ደቦ አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ጠርቼ እማማን በሳፋ አስተኝቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ይልቅ ያሰብነውን ልንገራችሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ጥቂት ልጆች የአካባቢውን የእድር መሪዎች ያነጋግራሉ። በየትኛው ቤት ማን እንደታመመ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት ሊያቋርጥ እንደሆነ ከእድር በላይ የሚያውቅ የለም። የሚነግሩንን በመዝገብ እንይዛለን። ከዚያ ውስጥ መቶ ሥራ አንመርጥም፤ አንድ ወይም ሁለት። የእኔ ሐሳብ ማስጠናት ነው። አንድ አስጠኚ ለሦስት ልጅ፣ ያው አስጠኚ ለያው ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ። ልጁ የት ላይ እንደደከመ ከመምህሩ እንጠይቃለን። አስጠኚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ልምድ ካለው መምህር ጋር አንድ ቀን ይውላሉ። የታክሲውን ሥራ ያለን ሰዎች በየወሩ እናዋጣለን፤ ይህን እዚሁ ፊታችሁ ቃል እገባለሁ። በየወሩ መጨረሻ የልጆቹን ውጤት እናያለን። ካልተሻሻለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ እንነጋገራለን።

ትንሽ ይመስላል አይደል? አሥር አስጠኚ ቢገኝ ሠላሳ ልጅ ነው። ለፎቶ አይመችም። ሪፖርት ላይም አይደምቅም። ግን ሠላሳ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ቃሉን የጠበቀ ትልቅ ወንድም፣ ቃሏን የጠበቀች ትልቅ እህት ቢያገኝ፣ እነዚያ ሠላሳዎቹ ነገ ለሌላው ምን እንደሚሆኑ አስቡት።

ሀገርን መውደድ በአፍ ቀላል ነው፤ እኔም በአፍ እችልበታለሁ። አስቸጋሪው ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ እየዘነበ፣ አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ እየጠበቀህ መሆኑን አውቀህ ከብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ነው። ኢትዮጵያ ያቺ በር ናት። በዚያ ሰዓት እዚያ በር ላይ የተገኘ ሀገሩን ይወዳል።

ማሳውን አይተን፣ ጠላውን ጠምቀን፣ እንጠራችኋለን። ያን ጊዜ ማጭዳችሁን ስላችሁ ኑ።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ታፍራና ተከብራ ትኑር!